ያውቁ ኖሯል? ሳይቆስል የሚለጠፍ ፋሻ!

ፋሻ የሚታሰረው የቆሰለ ላይ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር? እንግዲያውስ ይስሙ! አንዳች ጭረት የሌለበት ደህና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፋሻ አለ! ሥራው ቁስል ማዳን አይደለም፤ ቁስሉ ጭራሽ እንዳይመጣ መከላከል ነው!

የሚከላከለው የአልጋ ቁስልን ነው። ነርሶቻችን «ቤድ ሶር» ይሉታል። ስሙ የአልጋ ይባል እንጂ ወንበር ላይም ይመጣል! ቀኑን ሙሉ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚውል ሰው መቀመጫው ላይ ይወጣበታል! ባለሙያዎች «የግፊት ቁስል» ማለትን የመረጡት ለዚህ ነው።

ዛሬ ሌሊት እርስዎ ከአሥር ጊዜ በላይ ይገላበጣሉ! ጠዋት ግን አንዱንም አያስታውሱትም! እንቅልፍ ወስዶዎት ሳለ ሰውነትዎ ራሱን ያስታምማል። ራሱን የሳተ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ግን ይህች ጸጋ የለችውም!

አሁኑኑ አንድ ነገር ይሞክሩ! የአውራ ጣትዎን ጥፍር በሌላው ጣት ጫን ያድርጉት። ነጣ! ይልቀቁት። ቀላ! ደሙ ሸሽቶ ተመለሰ፣ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አልፈጀበትም። እንግዲህ ያ ንጣት ተረከዝ ላይ ሆኖ፣ ጫናው ለሰዓታት ሳይነሣ ቢቆይስ? ሥጋው ያለ ደም ይቀራል፤ ይሞታል!

ይህን ለማድረግ ከባድ ሸክም አያስፈልግም! ክንድዎ ላይ ደም ግፊት ሲለኩ «120» የሚባለውን ቁጥር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ተመራማሪ በቀጭኗ የደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ለካ። ያገኘው 32 ገደማ ብቻ ነበር! የገዛ እግርዎ ክብደት ተረከዝዎ ላይ አርፎ ይህን ይበልጠዋል!

ቁስሉ ከላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስልዎታል? ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው! ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ቆዳው ላይ ዛሬ የታየው ጥቁረት ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል!

ወደ ዲላ ገበያ ጭነት ይዛ የምትወርድ አህያ ካጋጠመችዎ ከጭነቱ በታች ያለውን ይመልከቱ። የታጠፈ ጆንያ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ አለ! ያ መደላድል የቀረባት አህያ ገጣባ ትሆናለች። ገጣባ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የአልጋ ቁስል ታናሽ ወንድም! ጫናና ፍትጊያ ከአጥንት በላይ ያለውን ቆዳ ሲበሉት የሚመጣ ነው። ጫኚው ሕክምና ሳይማር መከላከያውን ያውቀዋል፤ ደግሞም መደላድሉን የሚያኖረው ጀርባዋ ሳይላጥ ነው!

ቁስሉም መሸፈኑም የዛሬ አይደለም! በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ከእነሱም አንድ ሺህ ዓመት በፊት በግብፅ አንዲት አሮጊት የአሞን ካህን ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር መቀመጫዋና ትከሻዋ ላይ ትልልቅ የአልጋ ቁስሎች ተገኙ! ይባስ ብሎ ደግሞ ቁስሎቹ በለስላሳ ቆዳ፣ የሚዳቋ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ቆዳ ተለብጠው ነበር! ሬሳ አድራቂዎቹ ለወዲያኛው ዓለም እንኳ ሳይሸፍኑ አልሸኟትም!

እ.ኤ.አ. በ1569 አምብሯዝ ፓሬ የተባለው የፈረንሳይ ነገሥታት ሐኪም በጥይት ተመትቶ ለወራት አልጋ የያዘ ባላባት ዘንድ ተጠራ። ሰውየው መቀመጫው ቆስሏል። ፓሬ ምን አዘዘ? ትንሽ የላባ ትራስ! መቀመጫው አየር ላይ እንዲንሳፈፍ!

የውሃ ፍራሽን ያውቃሉ? የሀብታሞች መዝናኛ ይመስልዎት ነበር? ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኒል አርኖት እ.ኤ.አ. በ1832 የሠራው ለአልጋ ቁስል ነው! ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሲጫኑት የሰውነትዎን ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅስ? እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ ገንዘብ፣ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ ተፈለሰፈ። ከአውሮፕላን ወርዶ ሆስፒታል ገባ!

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 በጻፈችው መጽሐፍ ነርሶችን አስደነገጠች! ሕመምተኛው የአልጋ ቁስል ካወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የበሽታው ሳይሆን የእንክብካቤው ነው አለች! በዚያው ዘመን በፓሪስ ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ደግሞ ቁስሉ ከነርቭ ጉዳት የሚመጣ ነው፣ መከላከያ የለውም ብሎ ያስተምር ነበር። ማን ልክ ነበር? ነርሷ! ከሻርኮ ቀደም ብሎ ብራውን ሴካር የተባለ ሊቅ ሽባ የሆኑ ትንንሽ እንስሳትን ከጫናና ከእርጥበት ጠብቆ አሳይቶ ነበር። ቁስሉ አልወጣባቸውም!

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነርስ እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ውስጥ በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል ተመረቀች! የንጉሥ ልጅ ሆና አንሶላ አነጠፈች፣ ታማሚ አገላበጠች! እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ሳለች በሃያዎቹ ዕድሜዋ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችን ያሠለጥን ነበር።

በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ! ይህች ሕግ ዓለምን የዞረችው ከጀርመን በተሰደደው አይሁዳዊ ሐኪም በሉድቪግ ጉትማን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ውስጥ አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን ተረከበ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳተኛ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞታል ተብሎ የሚጠበቅ ነበር። ጉትማን ሌት ተቀን አስገላበጣቸው። ዳኑ! ድነውም ዝም ብለው አልተቀመጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 አሥራ ስድስቱ ቀስት ይዘው ተወዳደሩ። ፓራሊምፒክ የሚባለው የተወለደው እንዲህ ነው!

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1968 ፓራሊምፒክ ገባች! የመጀመሪያውን ወርቅ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1,500 ሜትር አመጣችው። የዚያ ሁሉ ሩጫ ሥሩ አልጋ ላይ ማገላበጥ ነበር ቢባል ማን ያምናል!

አሁን ወደ ፋሻው እንመለስ። አምስት ንብርብር ያለው ስፖንጅ ነው! ቆዳን የሚነካው ፊቱ ሲሊከን ነው፤ ይጣበቃል፣ ሲነሣ ግን ፀጉር እንኳ አይነቅልም! ከወገብ በታች ለሚለጠፈው የልብ ቅርጽ ይሰጡታል፤ ለተረከዝ የሚሆነው ደግሞ እንደ ካልሲ ጫፍ ይታጠፋል!

የጌዴኦን ማሳ አይተዋል? ከላይ እንደ ዋንዛ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከእነሱ ሥር እንሰትና ቡና፣ ከታች ጎመን። ዝናቡ መሬቱን ከመምታቱ በፊት ስንት ቦታ ይሰበራል! ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ድረስ የሚወጣው ተዳፋት አፈሩን ጠብቆ የቆየው በዚህ ጥበብ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው! ፋሻውም እንደዚያው ነው። ጫናው ቆዳው ላይ ከመድረሱ በፊት በየንብርብሩ ይበተናል!

ጫና ብቻ እንዳይመስልዎት! የአልጋው ራስጌ ቀና ሲል ታማሚው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አጥንቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቆዳው ግን አንሶላው ላይ እንደ ተጣበቀ ይቀራል! በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ይዘጋሉ! ፋሻው ያኔ ከቆዳው ይልቅ ራሱ ይሳባል። ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ጉተታውን ይውጡታል!

ላብም ጠላት ነው! የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። በዲላ ሙቀት የላስቲክ ልባስ ያለው ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ጀርባው እንዴት እንደሚሆን ያስቡት! ፋሻው እርጥበቱን ይመጥጣል፣ በላይኛው ገጹም እንዲተን ያደርገዋል!

ይሠራል ወይ? ሜልበርን ውስጥ 440 ጽኑ ሕሙማን ተፈተኑ። ፋሻ ካልተለጠፈላቸው መካከል 13.1 በመቶው ቆሰሉ። ከተለጠፈላቸውስ? 3.1 በመቶ! ቤልጅየም ውስጥ ደግሞ 1,633 ታማሚዎች ነበሩ፤ ከ6.3 በመቶ ወደ 4.0 በመቶ ወረደ። በአንዱ አገር ልዩነቱ ሰፊ፣ በሌላው ጠበብ ያለ ነው፤ በሁለቱም ግን ፋሻው ረታ!

ቢለጠፍም ማገላበጥ አይቀርም! ይህን በደማቁ ያስምሩበት። ፋሻው የነርሷን እጅ አይተካም፤ ያግዛታል። በየዕለቱ ጥጉ ተገልጦ ከሥሩ ያለው ቆዳ መታየት አለበት፤ ደግነቱ ሲሊከኑ ተነሥቶ እንደገና ይለጠፋል!

አሁን የሚመጣው ከሁሉም ይልቅ የእኛ ጉዳይ ነው! የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት መቅላት ነው ይላሉ መጻሕፍቱ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል! በመማሪያ መጻሕፍት የታተሙት ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። ስለዚህ የጠይም ሰው ቁስል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ነው!

ታዲያ በምን ይታወቃል? በእጅ! የእጅዎን ጀርባ ተረከዙ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ከጎኑ ያለውን ቆዳ ይንኩ። ሞቅ ብሏል? ወይስ ቀዝቅዟል? በጣትዎ ጫን ይበሉት። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል? ወይስ እንደ በሰለ ፍሬ ለስልሷል? ከአካባቢው ይልቅ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰለ? አብረቀረቀ? ታማሚው መናገር ከቻለ ደግሞ እዚያ ቦታ ያምመው እንደሆነ ይጠይቁት። ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል!

ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል 422 የተኙ ታማሚዎች ታይተው 16.8 በመቶው የአልጋ ቁስል ተገኘባቸው። ከስድስቱ አንዱ! በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲሰሉ 11.7 በመቶ ገደማ መጣ። የድሃ አገር ችግር ነው እንዳይሉ! በአሜሪካ በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሰው ይይዘዋል! የሱፐርማን ፊልም ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመሞቱ በፊት በግፊት ቁስል ኢንፌክሽን ይታከም ነበር!

እኛ አገር ያለውን፣ ብዙ የፈረንጅ ሆስፒታል የሌለውን አንድ ሰው ያውቃሉ? አስታማሚ! ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ የምታድር እናት፣ እህት፣ ጎረቤት። ቆጮ ይዛ ትመጣለች፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ሌሊት ትነሣለች። አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ በሆነችበት ክፍል፣ ማገላበጡን ያሳዩአት አስታማሚ የሠለጠነ እጅ ማለት ናት! ዲላ ዩኒቨርሲቲ ነርሶች ያስመርቃል፤ የእነዚያ ነርሶች ዕውቀት ወደ አስታማሚዋ በተሻገረ ቁጥር ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላም ይዘልቃል!

አጎዛ! አዎ፣ ያ መደብ ላይ የሚነጠፈው የበግ ቆዳ! በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ተፈትኖ የአልጋ ቁስልን ቀነሰ! የበግ ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ሳብ አድርጎ የራሰ አይመስልም! ግን ሁለት ነገር ይያዙልኝ፦ በፋብሪካ የተሠራው አስመሳይ አጎዛ ያን አያደርግም፤ የቤቱ አጎዛም ለሆስፒታል ተብሎ የለፋ፣ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ አይደለም።

ሙምባይ ውስጥ ሐኪሞች የተቃጠለ ቆዳ በሙዝ ቅጠል ሸፈኑ! ቅጠሉ እንደ ሰም ልስልስ ነው፣ ቁስል ላይ አይጣበቅም፣ ሲነሣ አያሳምምም! የሙዝ የቅርብ ዘመድ ማን ነው? እንሰት! ጌዴኦዎች ምግባቸውን በኮባ ጠቅልለው ሲያበስሉ የዚያው ዘመድ ቅጠል ነው በእጃቸው ያለው። የሙምባዩ ቅጠል በሐኪም እጅ ከጀርም ጸድቶ ነው የተለጠፈው፤ ከጓሮ ቆርጠው ቁስል ላይ እንዳያደርጉ!

ዘመናዊ ፋሻዎች ውስጥ ምን እንዳለ ቢያውቁ! በአንዱ ዓይነት ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን አለበት! በሌላው የባሕር አረም! እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ የአሳማ ቁስል በላስቲክ ሸፍኖ ቢያየው፣ ክፍት ከተተወው በእጥፍ ፍጥነት ቆዳ ለበሰ! «አየር ያግኘው» የሚለው የአያቶች ምክር ያን ቀን ተናጋ!

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ የአልጋ ቁስል ማን ላይ ወጣ? ቆመው በሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች አፍንጫ ላይ! ጥብቅ ማስክ ለሰዓታት ስለ ተጫነው። መፍትሔውም ያው ሆነ፤ ማስኩ ከመታሰሩ በፊት በአፍንጫው አጥንት ላይ ስስ ፋሻ! የኦክስጅን ማስክ፣ የምግብ ቱቦ፣ ጀሶም እንዲሁ ያቆስላሉ።

ሕፃን ልጅስ የሚቆስለው የት ነው? ከራሱ ኋላ! ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን የሕፃን ራስ ትልቅ ነውና ክብደቱ እዚያ ያርፋል።

በውሃ የተሞላ የሐኪም ጓንት ተረከዝ ሥር ሲያደርጉ አይተው ያውቃሉ? አይረዳም! ቀዳዳ ያለው ክብ ትራስስ? ዙሪያውን ደም ያግዳል! ጀርባን በስፒሪት ማሸትስ? ለብዙ ዘመን የነርስ ሙያ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቶ ዛሬ ተከለከለ፤ ስፒሪቱ ቆዳውን ያደርቃል፣ እሽታው የተጎዳውን ሥጋ ይባስ ይጎዳል! ለተረከዝ የሚበጀው ትራሱን ከባት ሥር አድርጎ ተረከዙን አየር ላይ መተው ነው። ፓሬ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያደረገው አይደለምን!

በጌዴኦ ለታመመና ለወለደች የሚዘጋጀው የቡላ ገንፎ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲን ግን እጅግ ጥቂት ነው ያለው! ቆዳ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ ከአጠገቡ ይቅረብ! ሆድ የገባው ምግብ ተረከዝን ይጠብቃል!

አደጋው በቁጥር ይለካል! እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ነርሶች፣ ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም፣ ከ6 እስከ 23 የሚደርስ መመዘኛ አወጡ። ነጥቡ ባነሰ መጠን አደጋው ይበዛል። ደም አይቀዳበት፣ ራጅ አያስፈልገው! ይሰማዋል? ቆዳው ይረጥባል? ከአልጋ ይወርዳል? ይገላበጣል? ይበላል? ይንሸራተታል? በቃ!

የሚከተለውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፊስቱላን ያውቃሉ? እሱም የግፊት ቁስል ነው! ምጥ ለቀናት ሲጠና የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም አይደርስም። ሥጋው ይሞታል፣ ይበሳል፣ ሽንት ያለ ፈቃድ ይፈሳል። ተረከዝና ፍራሽ የሚያደርጉትን እዚህ ራስና አጥንት አደረጉት! ካትሪን ሐምሊን ከባለቤቷ ከሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገባች፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። እሷ እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፈችበት ቀን ድረስ አገሯ እዚሁ ነበር! ከቅርንጫፎቹ አንዱ ከዲላ በስተ ሰሜን ይርጋለም ላይ ነው፤ የጌዴኦ እናት አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት የለባትም!

ይህን ቁስል ለማስቆም በዓለም ዙሪያ የሚታሰብ ቀን እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ሲሆን በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ይውላል። ቢቆጥሩት የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው! በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሰው በፈጀበት፣ ኅዳር በሚታጠንበት ሰሞን! በጌዴኦ ደግሞ ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት ወር!